ቅጠል የማይወጣበት ደን

ዳግማዊት ሁለት መጻሕፍት አቅፋ፣ ከላሊበላ ወደ አሸተን ማርያም በሚወጣው መንገድ ግርጌ ካለው የቤተ ክርስቲያን ደን ደረሰች። አንደኛው መጽሐፍ ወፍራም፣ ባለ ቀለም ሥዕል ነው፤ ሌላው ስስ፣ ሥዕሉም ጥቁርና ነጭ። ለእጽዋት ሥነ ምህዳር ትምህርት የሚገዛው አንዱ ብቻ ነው። አብሯት የመጣው የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ዶክተር አረጋ ልቡ ያለው ወፍራሙ ላይ ነው። ስሱን ካላስመረጠች፣ ተማሪዎቿ የሰው አገር ዛፍ ሲሸመድዱ ሊከርሙ ነው።

«የሁለቱንም የመጀመሪያ የመስክ ሥራ እዚሁ እንሞክረው» ብላ ነበር የለመነችው።

«በወፍራሙ እንጀምራ!» አለና ገልጦ አነበበ። «ዐሥር ችግኝ ከነሥሩ ንቀል፤ አድርቀህ መዝን።»

ጎንበስ ከማለቱ የደኑ ጠባቂ አያ ባዘዘው ዱላቸውን ፊቱ ጋረዱ።

«ጌታው፣ ከዚህ ደረቅ ጭራሮ እንኳ ይዞ የወጣ የለም። ደኑ የታቦቱ ነው።»

«ለትምህርት እኮ ነው፣ አያ!»

«እንግዲያው ሳይነቅሉ ይማሩዋ!»

ዳግማዊት ሳቋን ውጣ ስሱን ገለጠች። ትእዛዙ አጭር ነው፦ አንድ ሜትር በአንድ ሜትር በገመድ ከልል፤ ተቀምጠህ ችግኙን ቁጠር፤ ለምን እዚያ እንደበቀለ ጠይቅ። ከትልቁ ወይራ ሥር ከለሉ። አንድም የወይራ ችግኝ የለም።

«ባዶ!» አለ ዶክተር አረጋ፣ ደስ ብሎት።

«ከእናቱ ሥርማ ምን ይሠራል?» አሉ አያ ባዘዘው፣ ገመዱን እየሳቡ። «ደደሆው ውስጥ ፈልጉት እንጂ። እዚያ ፀሐይ አያከስለው፣ ሚዳቋ አይቀነጥሰው።»

ከደደሆው ቁጥቋጦ ሥር ገመዱን ዘረጉ። አንድ፣ ሁለት... ዐሥራ አንድ! ዶክተር አረጋ ኮቱን አውልቆ ተንበረከከ።

«ያኛውስ ደደሆ?»

«ይቁጠሩታ!» አለች።

ዐሥራ አራት ሆነ። ገላጣው ላይ ከለሉ፤ ምንም። በጉልበቱ እየዳኸ እኩለ ቀን ሆነበት።

«እኔ ይኼን ለማስረዳት ሦስት ክፍለ ጊዜ ነበር የምፈጅ» አለ፣ ላቡን እየጠረገ። «የግዢ ቅጹን አምጪው።» ጭኑ ላይ አድርጎ ፈረመ። «ስሱ ይገዛ! አርባ ቅጂ!»

ዳግማዊት እልልታዋን ለቀቀችው፤ ገደሉ ተቀብሎ መለሰላት።

«ተመስገን» አሉ አያ ባዘዘው። ሲወጡ ግን የደኑ በር ላይ ዱላቸው እንደገና ተጋረደ። የዶክተሩ ካልሲ ልብስ ላይ በሚጣበቀው የጭጎጊት ፍሬ ተሞልቷል።

«ይኼም አይወጣም፣ ጌታው።»

ዶክተር አረጋ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ አንድ በአንድ ይለቅም ጀመር። እየለቀመም ይቆጥር ነበር።