የስር ብርድ ልብስ

ሰፈርተኛው «ቁንጫው» ይለዋል፤ ተቀምጦ ያየው የለማ! ዛሬ ደግሞ ብሶበታል። የሥራ ባልደረቦቹ የዛፍ ለኪዎቹ መኪና ዘጠኝ ሰዓት ላይ መጥቶ ወደ ጫካ ይወስደዋል፤ እሱ ግን ከጠዋት ጀምሮ የጀርባ ቦርሳውን ሦስት ጊዜ ሞልቶ ሦስት ጊዜ ገልብጦታል። የጨርቅ አልጋውን ከነብርድ ልብሱ ከታች፣ ገመዶቹን በጎን፣ የዝናቡን ሸራ ከላይ ያደርጋል። ወዲያው «ሸራው ታች ቢሆንስ?» ይልና ሁሉንም ይዘረግፈዋል። ጫካ ገብቶ ዝናብ ቢይዘው ቀድሞ የሚፈለገው ሸራው መሆኑን አጥቶት አይደለም። እጁ አላርፍ ብሎት ነው።

«የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» አለች እህቱ ከስፌት መኪናዋ ሳትነሳ። ልብስ ሰፊ ናት፤ እናታቸው ከሞቱ ወዲህ ያሳደገችውም እሷ ናት። በቦርሳው የጎን ኪስ መርፌና ክር ከትታለታለች።

ቢቅበጠበጥ አይፈረድበትም። ባለፈው ጫካ በገባ በአራተኛው ቀን ብርድ አሸንፎት ተመልሷል። ለኪዎቹ የሚያድሩት በሁለት ዛፍ መሀል በሚታሰር የጨርቅ አልጋ ላይ ነው፤ ብርዱ ደግሞ የሚገባው ከስር ነው። አለቃው «ሁለተኛ ከተመለስክ በዚያው ቅር» ብሎታል። ለዚህ ነው ከአልጋው ስር የሚንጠለጠል፣ ጥጥ የተሞላ ብርድ ልብስ እንድትሰፋለት እህቱን የለመናት።

ለአራተኛ ጊዜ ሲገለብጥ አላስችል አለውና አልጋውን በመስኮቱ ፍርግርግና በምሰሶው መሀል አስሮ ተጋደመበት። እጁን ወደ ስር ሰደደ። ክው አለ። ብርድ ልብሱ ዙሪያውን ከአልጋው ጋር ጥብቅ ተደርጎ ተሰፍቷል። የሰውነቱ ክብደት ጥጡን ደፍጥጦታል፤ የተደፈጠጠ ጥጥ ደግሞ ከባዶ ጨርቅ አይሻልም።

«እትዬ፣ ለቀቅ ብሎ ይንጠልጠል አላልኩሽም?»

«ለቀቅ ያለ ስፌት ከእጄ ወጥቶ ያውቃል? ሰው ምን ይለኛል!»

«እኔ በብርድ ስሞትስ ምን ይልሻል?»

ሳቀችም፣ ተቆጣችም። ምላጯን አንስታ ራሷ ተረተረችው። ሃያ ዓመት የሰፋች ሴት የገዛ ስፌቷን ስትተረትር ማየት ደስ አይልም። ከዚያ በየጫፉ ላስቲክ ቀጥላ ከአልጋው ስር አንጠለጠለችው። ድጋሚ ሲጋደም እጇን በአልጋውና በጥጡ መሀል አስገባች፤ ቶሎም አላወጣችውም።

«ይሞቃል» አለች። ድምጿ ተቀየረ። «ያኔ አንተን ብርድ መለሰልኝ። አሁን ምን ይመልስልኛል? ሳጠብቀው ሳላውቅ ነው አልልህም፤ ሆዴ ያውቃል።»

ቁንጫው ከጠዋት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይነቃነቅ ጋደም ብሎ ቆየ።

የመኪናው ጥሩምባ ሲሰማ ዘሎ ወረደ። አልጋውን ፈታ፤ ከነብርድ ልብሱ ከታች፣ ገመዶቹን በጎን፣ ሸራውን ከላይ፤ በአንድ ጊዜ አለቀ። ቦርሳውን ተሸክሞ በሩ ጋ ሲደርስ ተመለሰ፣ የጎን ኪሱን ከፍቶ መርፌና ክሩን አወጣና ስፌት መኪናዋ ላይ አስቀመጠው።

«ምነው?» አለች።

«እኔ መስፋት መች እችላለሁ? ሲተረተር ይዤልሽ እመጣለሁ።»