መጣሁ

ዕቃ ጠጋኙ ስጦታው የጎደለው ቀልብ ብቻ ነበር። እጅማ ሞልቶታል። ቢቸና ውስጥ ሬዲዮ ቢያንኮራፋ፣ የውሃ ፓምፕ ቢታነቅ፣ የዳቦ ቤት ማሽን ቢቆም ሰው ሁሉ የሚሮጠው ወደሱ ነው። ሌላው ባለሙያ ገና መነጽሩን ሲያጠልቅ እሱ በሽታውን ያገኘዋል። ታዲያ ያገኘውን ሳይጨርስ ሌላ ሰው ሌላ ዕቃ ይዞ ከመጣ፣ አለቀ! የፊተኛው ሆድ ዕቃው እንደተዘረገፈ ይከርማል። ባለቤቱ ሲጣራ "መጣሁ!" ይላል። ሚስቱ ምሳ ቀረበ ስትለው "መጣሁ!" ይላል። ውሸታም እንዳትሉት፤ ሲናገረው ከልቡ ነው። ግን አይመጣም።

ሚስቱ ትርሲት ይህን ሁሉ ለብዙ ዓመት ችላዋለች። ያልቻለችው የእናቷን ቀብር ነው። እናቷ ሞጣ ባረፉ ጊዜ እሷ ቀድማ ሄደች፤ እሱ ከቢቸና ለቀስተኞች ጋር በአውቶቡስ ተከተለ። መንገድ ላይ አውቶቡሱ ቀጥ አለ። ሾፌሩ ተስፋ ቆርጦ ድንጋይ ላይ ሲቀመጥ ስጦታው ሸሚዙን አውልቆ ከሥር ገባ፤ በሽቦና በጎማ ቁራጭ አንድ ነገር አበጅቶ ነፍስ ዘራበት። ለቀስተኛው መረቀው። እንግዲህ ተሳፍሮ መሄድ ነው፣ አይደል? አይ ስጦታው! ከኋላ የቆመ የጭነት መኪና አየ፤ ሾፌሩም ለመነው። "እናንተ ቅደሙ፣ መጣሁ" አለ። ለቀስተኛው ሁሉ ለቀብሩ ደረሰ። ያደረሳቸው ሰው ሲደርስ ግን አፈሩ ተመልሶ፣ ሰው ድንኳን ውስጥ ንፍሮ ይበላ ነበር።

ትርሲት አልጮኸችበትም። እዚያው አባቷ ቤት ቀረች፤ ቢቸና መመለሱን ተወችው።

ወራት አለፉ። በ2008 ዓ.ም. ግንቦት ላይ ሽማግሌ ተላከ፣ እሷም ቁርጡን ተናገረች። "ሽማግሎቹ መርቀው እስኪነሱ ድረስ ይቀመጥ። ሌላ ምንም አልፈልግም። አንድ ቀን ለኔ ብሎ ቁጭ ማለት ከቻለ እመለሳለሁ" አለች። ሌላው ሰው ሳቀ፤ መቀመጥ ምን ያቅታል ብሎ። ስጦታው ግን አልሳቀም። መቀመጥ ምን እንደሆነ እሱ ያውቀዋላ።

ወደ ሞጣ ከመሄዱ በፊት አንድ መልካም ነገር ገጥሞት ነበር። ሲስተር ሰብለ ወንጌል የምትባል ነርስ ሬዲዮዋን ልትወስድ መጥታ የተበታተነውን ሱቁን ስታይ ቆየችና ነገሩን አንድ በአንድ ጠየቀችው። ከዚያ "ይህ ስም አለው እኮ፣ ወንድሜ። ትኩረት የማጣት ችግር ይባላል። ሕፃናት ላይ ብቻ ያለ የሚመስላቸው አሉ፤ ትልቅ ሰውም ላይ አለ። ስንፍናም ንቀትም አይደለም። ሰው ሁሉ ሲደነግጥ አንተ የምትረጋጋው፣ ሌላው ያላየውን የምታየው፣ ከሽቦ ቁራጭ ነገር የምትፈጥረውም ከዚያው አብሮ የመጣ ነው" አለችው። ስጦታው እንባው መጣ። አርባ ዓመት ሊሞላው ነው፤ እስከዚያ ቀን ቀልበ ቢስ ከመባል ሌላ ስለራሱ የሰማው ነገር አልነበረም። ይህንን ለሽማግሎቹና ለትርሲት ሊነግራቸው ቆርጦ ሄደ።

ሰዓት እንዳያሳስተው ብሎ ከዋዜማው ሞጣ ገብቶ አደረ። ጠዋት የትርሲት አባት የአቶ ኃይለ ሚካኤል ግቢ ውስጥ፣ ወይራው ጥላ ሥር፣ ሽማግሎቹ ተሰየሙ። ከፊታቸው ድንጋይ ተቀምጧል። ጥፋተኛ እሱን ተሸክሞ በበደለው ሰው እግር ሥር ይወድቃል፤ ይቅር ሲባል ያወርዱለታል፤ ከዚያ ምርቃት ነው።

ቄስ ወልደ ኪዳን ከአዳምና ከሔዋን ጀመሩ። ወይ ጉድ፣ ከአዳም እስከ ስጦታው ስንት መንገድ ነው! ጉልበቱ ለብቻው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ በእጁ ያዘው። ጣቶቹ የበርጩማውን ጠፍር ይፈቱ ጀመር፤ ከጭኑ ሥር ሸጎጣቸው። ላብ ሲያጠምቀው ኮቱን አውልቆ ከጎኑ አኖረው፤ ስልኩም እዚያው ኪሱ ውስጥ ቀረ። ጥርሱን ነክሶ ተቀመጠ። ትርሲት ከአባቷ ጎን ሆና ታየዋለች። ለሷ ብሎ ከራሱ ጋር ሲታገል አየችው። ፊቷ እየላላ ሄደ፤ አንድ ጊዜማ ሳቋ እንዳይታይ ነጠላዋን ወደ አፏ ጠጋ አደረገች። ስጦታው ያቺን ሳቅ አየ። ስንት ወር የናፈቃት ሳቅ ናት። "በርታ" አለ ለራሱ፤ "ትንሽ ነው የቀረህ።"

ከሁለት ግቢ ማዶ ቀለሙ የሚባል ሰው ወፍጮ ቤት አለ። ሞተሩ ከጠዋት ጀምሮ ሲያጉረመርም ስጦታው ላለመስማት ታግሏል። መዘውሩን የሚያዞረው የጎማ ቀበቶ፣ ቺንጋው፣ እንደሚንሸራተት ገብቶታል፤ ዝም ብሏል። ቄሱ "እንግዲህ ልጄ፣ ተነስና ድንጋዩን..." ከማለታቸው ሞተሩ አቃሰተ። እህል ሲበዛበት የሚያሰማው ማቃሰት አልነበረም። አንድ ነገር ጠልፎታል።

ስጦታው ብድግ አለ። ሽማግሎቹ ወደ ድንጋዩ የሚሄድ መሰላቸው። ድንጋዩን ዘሎ፣ አጥሩን ጥሶ በረረ።

ይርጋነሽ የምትባል ሴት ልታስፈጭ መጥታ ጎንበስ ስትል ቺንጋው ነጠላዋን ጎትቶታል። ነጠላው አንገቷ ላይ ተጠምጥሞ ወደ መዘውሩ እየሳባት ነው። ሰው ይጮኻል። ባለወፍጮው ቀለሙ ሁለት እጁን አናቱ ላይ ጭኖ ቆሟል። ስጦታው አልጮኸም። ዕድሜ ልኩን ሲዋከብ የኖረው ጭንቅላቱ ያን ጊዜ ጸጥ አለለት። ሞተሩን ለማጥፋት ጊዜ እንደሌለ፣ የበሩ መቀርቀሪያ ጠንካራ እንጨት እንደሆነ፣ ሚዛኑ ላይ ቢላዋ እንዳለ፣ ሁሉንም ባንድ አፍታ አየ። በመቀርቀሪያው ቺንጋውን ገፍቶ ከመዘውሩ ላይ ጣለው፤ በቢላዋው ነጠላውን ቀደደው። ይርጋነሽ ወለሉ ላይ ወድቃ አየር ሳበችና ማልቀስ ጀመረች። ሴቶቹ እልልታውን አቀለጡት።

ምነው ያኔ በተመለሰ! ወሬው ከሱ ቀድሞ ግቢው ደርሶ ነበር፤ ይህን ኋላ ነው የሰማው። ቄስ ወልደ ኪዳን "እግዚአብሔር ነው ከመሃላችን አንስቶ የላከው" አሉ። አቶ ኃይለ ሚካኤል ዓይናቸውን ጠረጉ። ትርሲት እጁን ልታስታጥበው ውሃ ቀድታ ቆማ ነበር። መነሳቱን ማንም አልቆጠረበትም። መመለስ ብቻ ነበር የቀረው።

እሱ ግን ሞተሩን አጥፍቶ ጎንበስ አለ። የመዘውሩ ዘንግ ወደ አንድ ጎን ዘሟል። ቺንጋውም ከለላ የለውም። ነገ ደግሞ ሌላ ሴት ሌላ ነጠላ ለብሳ ትመጣለች። ቆርቆሮ አለ? አለ። ሚስማር? አለ። በቃ፣ ገባበት።

የትርሲት ወንድም፣ ያለው የሚባለው፣ መጥቶ "ስጦታው፣ ሊመርቁህ እየጠበቁህ ነው" አለው። "መጣሁ" አለ። ቆየት ብሎ ያለው ተመልሶ መጣ። "መጣሁ አልኩህ እኮ! ይህችን ብቻ ልጨርስ።" ከዚያ ደግሞ አንዲት ሴት ደጃፉ ላይ ቆማ በስሙ ጠራችው። ራሱን ከዘንጉ ሥር ሳያወጣ፣ ሚስማር በከንፈሩ እንደያዘ "መጣሁ!" አላት።

ሲጨርስ ዘንጉ ቀጥ ብሏል፤ ቺንጋው በቆርቆሮ ተከልሏል። ቀለሙ እጁን ሊስም ቃጣው። ስጦታው ደስ ብሎት፣ እስከ ክርኑ ግሪስ እንደተቀባ ወጣ። ለትርሲት ሁሉንም ሊነግራት ቸኩሏል። ጥላው ከፊቱ ረዝሞ መሄዱን እንኳ ልብ አላለም።

ግቢው ጭር ብሏል። በርጩማዎቹ ተነስተዋል። ትርሲት ኮቱን አጣጥፋ ጉልበቷ ላይ አድርጋ ብቻዋን ወይራው ሥር ተቀምጣለች። ድንጋዩ እዚያው ነው።

"የታሉ?" አላት።

"ሄዱ።"

"አሁን እኮ ነው የተነሳሁት!"

"ፀሐይዋን እያት እስቲ።"

አያት። ልትጠልቅ ነበር። ሌላ የሚያደርገው ቢያጣ ድንጋዩን አንስቶ ትከሻው ላይ አደረገና ከፊቷ ተንበረከከ።

"አውርደው፣ ስጦታው። የሚያወርድልህ ሰው የለም።"

አላወረደውም። "ንቀት አይደለም፣ ትርሲቴ። ስም አለው። ሲስተር ሰብለ ወንጌል ነግራኛለች..."

"ንቀት እንዳልሆነማ ከሷ በፊት አውቀዋለሁ። ይርጋነሽ ልጆቿ ጋ ገብታለች፤ ባንተ ነው። ኮርቼብሃለሁ፣ እውነቴን ነው። ግን ደክሞኛል።"

"ያለውን መላካችሁ ነው እኮ ጥፋቱ!" አላት። "ያለው ሲጠራኝ መቼ ይሰማኛል? አንቺ ራስሽ ብትመጪ ኖሮ፣ ማርያምን፣ ሁሉንም ጥዬ እነሳ ነበር!"

የትርሲት ዓይን እንባ ሞላ።

"መጥቼ ነበር" አለች። "መጨረሻ ላይ የጠራችህ እኔ ነኝ። ሽማግሎቹ ሊነሱ ሲሉ 'ቆዩልኝ፣ እኔ ከጠራሁት ይመጣል' ብዬ ለምኛቸው ነው የሄድኩት። ደጃፉ ላይ ቆሜ በስምህ ጠራሁህ። መጣሁ አልከኝ። ሞተር ሲታመም ከሁለት ግቢ ማዶ ትሰማለህ፤ የኔን ድምፅ ግን አላወቅከውም።"

ድንጋዩ ከትከሻው ተንሸራቶ ወደቀ።

እሷ ግን ገና አልጨረሰችም ነበር። እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች፤ ወደሱ ጎንበስ አለች፤ ቀስ ብላ መናገር ጀመረች። ያን ጊዜ ከሁለት ግቢ ማዶ ቀለሙ ሞተሩን አስነሳ። አንድ ሁለቴ ሳለና ያዘ። የስጦታው ጆሮ ሳያስፈቅደው ወደዚያው ሄደ። ዘንጉ አይንገጫገጭም፤ ቺንጋው አይንሸራተትም፤ እህሉ ሲገባም ድምፁ አልከበደም። ደህና ነው።

ጆሮው ሲመለስ የትርሲት ከንፈር ተከድኗል። መልሱን እየጠበቀች ነበር።

"ምን አልሽኝ?" አላት።

ትርሲት ኮቱን ጉልበቱ ላይ አስቀመጠችለት። ከዚያ በርጩማዋን አንስታ ወደ ቤት ገባች። ያለችውን አልደገመችውም።