በእስክሪብቶ የተጻፈ መለያ

የሥራ ባልደረቦቹ «ቆጣሪው» ይሉታል። ሠላሳ ሁለት ዓመት ሙሉ ሺ እግር የተባለውን ትንሽ ተሳቢ እግር ሲቆጥር ለኖረ ሰው ሌላ ምን ስም ይወጣለታል? ሺ መባሉም ለወሬ ነው። እሱ የሚያጠናው የሺ እግር ቤተሰብ፣ ጀርባው ጠፍጣፋ፣ ዓይን የሌለው፣ የወንዱ እግር ሠላሳ ጥንድ ብቻ ነው። «የቀረውን ማን በላው?» እያለ ይቀልዳል። ሚስቱ ይህን ቀልድ ስንት ጊዜ ሰምታ ስንት ጊዜ ስቃለታለች። ከሞተች ሁለት ዓመት ሆናት፤ ቀልዱንም ከዚያ ወዲህ ለማንም ተናግሮት አያውቅም።

ጡረታ ሊወጣ አራት ቀን ሲቀረው፣ በዕድሜ ልጁ የምትሆነው የናሙና ክፍሉ ኃላፊ በሩ ላይ ቆመች።

«ጋሼ፣ የተገኘበት ቦታ ያልተጻፈበት ጠርሙስ ሁሉ ዓርብ ይወገዳል። ቢያዩልኝ?»

«አየዋለሁ» አላት። እውነቷን ነው። ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ናሙና አልኮል ውስጥ የተነከረ ሬሳ እንጂ ሌላ አይደለም።

ከመደርደሪያው ጥግ ያገኛትን አንዲት ትንሽ ጠርሙስ ከፍቶ ውስጧ ያለውን ሺ እግር ማጉያ መነጽሩ ሥር አስተኛው። እንደ ልማዱ ከራሱ ጀምሮ ቆጠረ። የመጀመሪያው የሰውነቱ ቀለበት እግር የለውም። ቀጣዮቹ ሦስቱ አንድ አንድ ጥንድ አላቸው፤ ከዚያ በኋላ ሁለት ሁለት ነው። ሰባተኛው ላይ ሲደርስ እጁ ቆመ። የዚህ ቤተሰብ ወንድ እዚያ ላይ በአንዱ ጥንድ እግር ፈንታ ለመራቢያ የሚሆን ቆልማማ አካል አለው፤ አንዱ ዝርያ ከሌላው የሚለየውም በዚያ ቅርጽ ነው። የዚህኛው ጫፍ ሦስት ቦታ ተሰንጥቋል። እንዲህ ያለ በዕድሜው አላየም፤ መጽሐፎቹን አንድ በአንድ ቢያገላብጥም የለም። አዲስ ዝርያ ነው።

የተገኘበትን ቦታ ሊያነብ ከጠርሙሷ ውስጥ መለያውን በወረንጦ አወጣው። ባዶ ወረቀት ነው። አልኮሉ ቀለሙን አጥቦ ወስዶታል።

ያን ጊዜ ጠርሙሷን አወቃት። ሚስቱ ናት ያመጣችለት። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሳይጠራት እዚህ ክፍል መጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችለት። እሱ ቀና ብሎ ያየው ፊቷን ሳይሆን አልኮሉ ውስጥ ቀለሙ መሟሟት የጀመረውን ወረቀት ነበር።

«በእስክሪብቶ? አንቺ እንኳ? በእርሳስ ነው የሚጻፈው፣ ስንቴ ልንገርሽ?»

«እርሳስ አልያዝኩም ነበር።»

«በቃ ተይው፣ ነገ ጠይቄሽ በእርሳስ እጽፈዋለሁ።»

ትንሽ ቆማ ሄደች። የትኛው ነገ? ያን ሰሞን ሥራ በዝቶበት ቤት የሚገባው እሷ ከተኛች በኋላ ነበር። ነገሩን ረሳው፤ እሷም አላነሳችበትም።

አሁን ማንን ይጠይቅ? እንደ አሁኑ ብቸኝነት አጥንቱ ድረስ ዘልቆት አያውቅም። ቢሆንም የሙያው ሰው ነውና፣ እስክሪብቶ ቀለሙ ቢሄድ ጭረቱ ወረቀቱ ላይ እንደሚቀር ያውቃል። ወረቀቱን አድርቆ ማጉያው ሥር አደረገው፤ መብራቱንም ዝቅ አድርጎ በጎን በኩል አበራበት። የሚስቱ እጅ ጽሑፍ ጥላ ይዞ ብቅ አለ።

«ሆስፒታሉ ጓሮ፣ ከድንጋዩ መቀመጫ ሥር።» ቀኑም ስሟም አለ።

ቀኑን ሁለቴ አነበበው። መታመሟን ከነገረችው ስምንት ወር ይቀድማል። ስምንት ወር ሙሉ ብቻዋን ስትመላለስ፣ ያን መቀመጫ ላይ ብቻዋን ተራ ስትጠብቅ፣ እግሯ ሥር ሺ እግር አይታ እሱን አስታወሰች።

ወረቀቱን ገለበጠው። ከጀርባውም ጭረት አለ።

«ማታ የምነግርህ አለኝ፤ ዛሬ እንኳ በጊዜ ግባ።»

ከዚያ አዲስ መለያ ቆርጦ እርሳሱን ቀረጸ። የሥራቸው ሕግ አንድ ነው፤ አሮጌ መለያ በአዲስ ሲተካ አንድ ቃል አይቀነስም፣ አንድ ቃል አይጨመርም። ቦታውን ጻፈ፤ ቀኑን ጻፈ፤ በሰብሳቢው መስመር ላይ የሚስቱን ስም ጻፈ። ወረቀቱን ገልብጦም ማታ የምትነግረው እንዳላት፣ በጊዜ እንዲገባ፣ እንዳለ ጻፈው። ጠርሙሷን ከድኖ ሰዓቱን አየ። ገና አሥር ሰዓት ነው። ኮቱን አንስቶ ወደ ቤቱ ሄደ።