ሁለት ጣት

«የፕላስቲክ አበባ!» አለች ፌበን፣ ለቀስተኛው ሁሉ እየሰማ። «ለአትክልተኛ!»

ዶክተር ኢዛና የአበባ ጉንጉኑን እንደያዙ ድንኳኑ መሃል ቀሩ። ሟቹ አባቷ ሰቦቃ ሠላሳ ዓመት አትክልተኛ የነበረበት፣ ከእንጦጦ ግርጌ ያለው ኮሌጅ ኃላፊ ናቸው።

«ተይ ልጄ፣ እንግዳ ነው» አሉ ጎረቤቷ እትዬ ለተሥላሴ።

ሰውየው «ጌታ ያጽናናችሁ» ብለው ተቀመጡ። የተሰጣቸውን ንፍሮ እንኳ ሳይጨርሱ ጠጋ አሏት። «አንድ ነገር ላስቸግርሽ። ግቢያችን ቅዳሜ የዕፅዋት ማዕከል ተብሎ ይመረቃል። ትናንት የመጡ ባለሙያዎች ዝግባውን ሰሌዳው ላይ ጥድ ብላችሁታል ብለው ሳቁብን። አባትሽ የዛፎቹን ስም የጻፈበት ደብተር ነበረው አሉ...»

ዝግባና ጥድ የማይለይ ሰው ነው እንግዲህ ማዕከል የሚያስመርቀው!

ሰቦቃ ከዘይት ቆርቆሮ በቆረጣቸው ሰሌዳዎች ላይ የየዛፉን ስም በምስማር ጫፍ ይጭር ነበር፤ በአማርኛም በኦሮምኛም፣ ግቢው ውስጥ የት እንደቆመም ጭምር። በሽቦ አላልቶ ግንዱ ላይ ያስራቸዋል። ትንሽ ልጅ ሳለች ጣቶቹን በሽቦውና በግንዱ መካከል አስገብቶ «ሁለት ጣት ልቀቂለት፤ ገና ይወፍራል» ይላት ነበር። የዛሬ ሁለት ወር ኮሌጁ «ግቢውን አቆሸሹ» ብሎ ሰሌዳዎቹን አስነቀለ፤ በምትካቸው የሚያብረቀርቅ የፕላስቲክ ሰሌዳ በምስማር ግንዱ ላይ ቸነከረ። ያን ቀን ሰቦቃ ቆርቆሮዎቹን ከቆሻሻ ገንዳ ለቅሞ በጆንያ ይዞ ገባ። እራት አልበላም። «ቢያንስ ምስማር ባይመቱበት ምን ነበር?» አለ።

«ደብተሩ እናንተ የጣላችሁት ቆርቆሮ ነው» አለች ፌበን። «አልጋው ሥር አለ።»

የዶክተሩ ፊት በራ። «ተመስገን! ሾፌሬ ይውሰደዋ።»

«አይወስድም! የማስረው እኔ ነኝ። ምስማሩን ግን እርስዎ ይነቅላሉ፤ በገዛ እጅዎ።»



«ሐዘንተኛ ከቤት ይወጣል እንዴ?» አሉ እትዬ ለተሥላሴ።

«ይወጣል እትዬ። ዛፉ ምስማር እንደተመታበት እኔ እዚህ አልቀመጥም።»

ኮሌጁ ግቢ፣ ዝግባው ሥር ዶክተሩ ኮታቸውን አውልቀው በአባቷ ፒንሳ ምስማሩን ጎተቱ። ሦስት ጊዜ አመለጣቸው። ሲወጣላቸው ላባቸውን ጠርገው «ይቅርታ» አሉ።

«እሱ እያለ የት ነበሩ?»

ፌበን የቆርቆሮውን ሽቦ በግንዱ ዙሪያ አዞረች፤ ሁለት ጣቷን አስገብታ ለካች። ጣቶቿ ከአባቷ ጣቶች ይቀጥናሉ። ሦስተኛ ጨመረችና ቋጠረችው።