ከመስቀሉ ግርጌ ያለው ካሬ

ጀልባውን ያስቆምሁት ለመስቀሉ ብዬ አይደለም። ሹም አቦ፣ ሰፈራችን ውስጥ፣ ወሬው እንደዚያ ነው የሚዞረው። «የሺመቤት ከአማቿ ጋር በመስቀል ተጣልታ ጀልባ አገተች» ይላሉ። ውሸት ነው። ያስቆምሁት ለልጂቱ ነው። እንዴት እንደሆነ እኔው ልናገረው፤ ሌላ ሰው ሲናገረው ያሳምረዋል።

ልጂቱ የልጄ ልጅ ናት፤ ትንቢት ትባላለች፤ አራት ዓመቷ ነው። እናቷ ፋብሪካ በፈረቃ ስለምትሠራ የምትውለው ከእኔ ጋር ነው። አባቷ ቄስ ወልደ ሐዋርያት ናቸው። አማቼ ቢሆኑም፣ በዕድሜ ልጄ ቢሆኑም፣ ካህን ናቸውና እርስዎ እላቸዋለሁ። ስናደድባቸውም በእርስዎ ነው የምናደደው፤ ይህም ራሱን የቻለ ድካም ነው።

ትንቢት ቤት ውስጥ ምላሷ አያርፍም። ከበር ስትወጣ ግን አፏ ይዘጋል። ባለሱቁ ሲጠይቃት ዝም፣ ጎረቤት ሲስማት ዝም። መዋዕለ ሕፃናት ከገባችበት ከመስከረም ጀምሮ ለመምህሯ አንድ ቃል አልተነፈሰችም። ሽንቷ ሲመጣ እንኳ የመምህሯን ቀሚስ ትጎትታለች እንጂ አትናገርም። መምህሯ ምሥጋና ትባላለች፤ ባሏ እዚህ ሥራ አግኝቶ ከሐዋሳ የመጡ ናቸው፤ ልጆቹ «ሚስ» ይሏታል። ክፉ ሴት አይደለችም። ግን አንድ ቀን በር ላይ ያዘችኝና፣

«እማማ፣ ትንቢትን ወደሚቀጥለው ክፍል ለማሳለፍ ከአፏ የሆነ ነገር መስማት አለብኝ። አንድ ቃል ይበቃኛል» አለችኝ።

ቄሱ ይህን ሲሰሙ አልደነገጡም። እንዲያውም የጠበቁት ነገር የመጣላቸው ይመስሉ ነበር። «ዝም ብላ ለምትቀመጠው ቤቷ ትቀመጥ። ጊዜው ሲደርስ እኔ ፊደል አስቆጥራታለሁ» አሉ። ቤት ከዋለች ደግሞ ከእኛ ሌላ ሰው ሳታነጋግር ልታድግ ነው። እኛ ነገ የለንም፤ ያኔ ማንን ልታናግር ነው? ግድግዳውን?

ሚስ መላ አመጣች። ዓርብ የቅርጽ ቀን ይሆናል፤ እያንዳንዱ ልጅ ከቤቱ ክብ፣ ሦስት ማዕዘን፣ ካሬ የሆነ ዕቃ ይዞ ይመጣና ቆሞ ይናገራል። «ቤት ያለማምዷት» አለችኝ። እኔ ትምህርት የሚባለውን ጀምሬ የተውሁ ሰው ነኝ። ቢሆንም ሳህን ክብ መሆኑን ለማወቅ ኮሌጅ አይገባም ብዬ ጀመርሁ።

«ይህ ምንድን ነው?» ሳህኑን አነሣሁ።

«ሳህን።»

«ሳህንነቱን አውቃለሁ። ቅርጹን ነው ያልሁሽ።»

«የአባዬ ሳህን።»

ሳህኑን አስቀመጥሁ። ከሱቅ ሳምቡሳ ገዝቼ መጣሁ። «ይኸውልሽ፣ ሦስት ጫፍ አለው። ሦስት ማዕዘን በይ።» አንዱን ጫፍ ገመጠችና መልሳ አሳየችኝ። «እምዬ፣ አሁን አራት ሆነ።» ቆጠርሁት። እውነትም አራት ጫፍ ሆኗል። «አትብዪው! ትምህርት ነው!» ብዬ ጮኽሁባት። እሷም የቀረውን ጨረሰችው።

ወረቀት ላይ ሦስት ማዕዘን ሣልሁላት። «ቤት» አለች። ወረቀቱን ገለበጥሁት። «ቤቱ ወደቀ» ብላ ልታለቅስ ደረሰች። ቤቱን አቃንቼ አባበልኋት። ይህ ሁሉ አንድ ከሰዓት ነው፤ ምሳም አልበላሁ።

ካሬው ላይማ ተጣላን። መስኮቱን ባሳያት፣ «ይኼ ረጅም ነው፤ ሚስ ካሬ አራቱም ጎኑ እኩል ነው ብላለች» አለችኝ። ይህን ሁሉ ሰምታ ነው እንግዲህ ዝም የምትለው! ክብሪቱም ረጅም ነው፣ ሳሙናውም ረጅም ነው፣ ትራሱም ረጅም ነው። ቤቱን አመስን፤ ካሬ የሚባል ነገር የለንም። «እንግዲህ ራስሽ ፈልጊ!» ብያት ወጣሁ።

ፈለገች።

ዓርብ ጠዋት ወላጅ ሁሉ ክፍሉ ዳር ቆሟል። ኪሩቤል የሚሉት ልጅ የብስክሌት ጎማ እየጎተተ ገብቶ «ክብ!» ብሎ ጮኸ፤ አባቱ ደግሞ ብስክሌቱን እንዴት አድርጎ ወደ ቤት እንደሚወስደው እያሰበ አጨበጨበ። ዜማ የምትባለዋ የኮት መስቀያ ይዛ «ሦስት ማዕዘን» አለች። የእኛ ተራ ደረሰ።

ትንቢት ከፌስታሏ ሳህኑን አወጣች። ዝም። ጠዋት የገዛሁላትን ሌላ ሳምቡሳ አወጣች። ዝም። ሚስ ፊቷ ተንበርክካ ትጠብቃለች። ከዚያ ልጂቱ እጇን እስከ ክርኗ አስገባችና በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አወጣች። የአባቷ የእጅ መስቀል ነው። ገልብጣ ይዛዋለች፤ ጣቷን ከእጀታው ግርጌ ካለው ጠፍጣፋ ላይ አኑራለች። ስንሳለም በአፋችን የምንስመው ያንን ነው። ዕድሜ ልኬን ስስመው አራቱ ጎኑ እኩል መሆኑን ልብ ብዬው አላውቅም።

«ካሬ!» አለች። ድምፅዋ ጥርት ያለ ነበር፤ የኋለኞቹም ሰሙ።

እኔስ ምን አልሁ? «ውይ በሞትሁት! የአባትሽን መስቀል!» ብዬ አቀለጥሁት።

አፏ ግጥም አለ።

«እማማ! ምነው!» አለች ሚስ፤ ዓይኗን እንባ ሞልቶታል። «ተናግራ ነበር እኮ!»

ሴት መስቀል በእጇ አትይዝም ብለው ነው ያሳደጉኝ፤ ስለዚህ ልቀበላትም አልቻልሁም። ልጂቱ እንደያዘችው፣ እኔ እጄን ዘርግቼ ሳልነካ፣ ሚስም ማድረግ ያለባት ጠፍቷት ቆመን ሳለ ቄሱ በሩ ላይ ደረሱ። ሐይቁ መካከል ያለው ገዳም የበዓል ዋዜማ ስለነበር በጀልባ ሊሄዱ ተነሥተው መስቀሉን አጥተዋል። ማታ ልጂቱ ስትነካካው አይተዋት ስለነበር በቀጥታ ወደዚህ ነው የመጡት። ተቀብለው ተሳለሙት። ከዚያ ፌስታሉን አዩ።

«ይህ ነው ትምህርቱ? መስቀል ከሳምቡሳ ጋር?»

«አባቴ፣ ተናገረች እኮ! ካሬ አለች!»

«ከሰኞ ጀምሮ ቤቷ ትውላለች። አለቀ።» ባጃጃቸው እየጠበቃቸው ነበር፤ ሄዱ።

ልጂቱ ፊት ቁጢጥ አልሁ። «ትንቢቴ፣ ቅድም ምን አልሽ?» ዝም። «ለእምዬ ብቻ ንገሪኝ።» ዝም። ለእኔም ዝም! ያን ጊዜ ደሜ ፈላ። አንሥቼ አዘልኋትና ሌላ ባጃጅ አስቁሜ ወደ ሐይቁ ንዳ አልሁት።

የሚሄዱበት ገዳም ሴት አይረግጠውም። ከበሮው ተጭኗል፣ ካህናቱና ዲያቆናቱ ተቀምጠዋል፣ ባለጀልባው ገድሉ ሞተሩን አስነሥቷል። ልጂቱን ይዤ ገባሁና ከከበሮው አጠገብ ቁጭ አልሁ።

«እናቴ፣ ተሳስተዋል፤ የዘጌው ጀልባ ያኛው ነው» አለኝ ገድሉ።

«አልተሳሳትሁም።»

«እኛ እኮ ሴት ወደማይገባበት ነው የምንሄደው!»

«ሂድ እንግዲህ። ማን ያዘህ?»

አንድ ዲያቆን ሳቀ። «ቄስ ወልደ ሐዋርያት፣ አማትዎ ሊመነኩሱ ነው መሰለኝ!»

«ጢም ያብቅሉና እንውሰዳቸው!» አለ ሌላው።

«የአንተ መች በቀለና!» አልሁት። ጀልባዋ በሳቅ ተናወጠች። ቄሱ ግን አልሳቁም።

«እናቴ፣ በሰው ፊት አያዋርዱኝ። ይውረዱ።»

«ልጂቱ ካሬ አለች። ልክ ናት ወይስ አይደለችም? እሱን ይንገሯት፣ እወርዳለሁ።»

«መስቀል መጫወቻ አይደለም!»

«እኔ መጫወቻ ነው አልሁ? ጮኼ አፏን የዘጋሁት እኔ ነኝ። እኔን ይገሥጹ። እሷን ግን ልክ ነሽ ይበሏት።»

«ሥርዓት አለው!»

«ሥርዓቱማ አለው። እኔ ተቀምጬ ጀልባው የማይሄደው ለዚያ አይደል?»

ከፊት የተቀመጡት መሪጌታ አዘዘ፣ ሽማግሌ ናቸው፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ቄስ ወልደ ሐዋርያት፣ እኒህ ሴት እንደምናያቸው አይወርዱም። እኔ ደግሞ ለዋዜማው መድረስ አለብኝ። ለልጂቱ መልስ ይስጧት።»

ቄሱ መጀመሪያ ውኃውን አዩ፤ ከዚያ እኔን አዩ፤ ውኃው ሳይሻላቸው አልቀረም። መስቀሉን አወጡና አናቱን በነጠላቸው ሸፈኑት፤ ግርጌው ብቻ ታየ። ልጂቱ ፊት ዝቅ አሉ።

«ይህ ምንድን ነው?»

ገድሉ ሞተሩን አጠፋ። «ንገሪያቸው!» ልል ከአፌ ደርሶ ምላሴን ነከስሁ። ትንቢት ዲያቆናቱን አየች፣ እኔን አየች። ከዚያ ጣቷን ዘርግታ ጫፎቹን መንካት ጀመረች። «አንድ» አለች በቀስታ። «ሁለት። ሦስት…»

«አራት!» ብሎ ጮኸ ያ ጢም የሌለው።

እጇን ሰበሰበች። ፊቷን ደረቴ ውስጥ ቀበረች።

«አንተ አፈ ሰፊ!» አልሁ። መሪጌታ በመቋሚያቸው ጎኑን ወጉት፤ ሁሉም በአንድ ላይ መጮህ ጀመረ።

«ዝም በሉ!» አሉ ቄሱ። ወደ እኔም ዞሩ። «እርስዎም!»

ዝም አልን። ቄሱም ዝም ብለው ጠበቁ። አልጠየቋትም፣ አልገፏትም። ጉልበታቸው ከጀልባው እንጨት ላይ ነበር፤ ነጭ ልብሳቸው በውኃው ይረጥባል። እኔ ቢሆን እስካሁን አሥር ነገር ተናግሬ ነበር። ልጂቱ በአንድ ዓይኗ አጮልቃ አየች። ያኔ ማታ ማታ እንደሚያደርጉት መስቀሉን ወደ አፏ አስጠጉላት። ሳመችው። ከንፈሯን ሳታነሣም፣ «ካሬ» አለች። ጭኔ ላይ ስለነበረች ሰማሁ፤ እሳቸውም ሰሙ።

«አዎ፣ ካሬ ነው። ልክ ነሽ» አሏት። ቀጥለውም፣ «ሳትጠይቂ ከነካሽው ግን እቀጣሻለሁ።»

«ምን አለች? ምን አለች?» ይላሉ ዲያቆናቱ ከኋላ።

«ለእናንተ አልተባለም» አልኋቸው።

«ሰኞ ትሂድ» አሉኝ ቄሱ ሲነሡ። «እርስዎ ግን ዳግመኛ ክፍሏ እንዳይገቡ። አሁን ስለ እግዚአብሔር ይውረዱልን።» ስወርድ ጭቃው አንድ ጫማዬን አስቀረብኝ። ለማውጣት ጎንበስ ስል ሞተሩ ተነሥቶ ማዕበሉ ቀሚሴን አራሰው። ገድሉ ሆን ብሎ ነው ያደረገው፤ አውቃለሁ።

ሰኞ ወሰድኋት። ሚስ፣ «ዓርብ የሰማሁት ቃል ይበቃኛል፤ ታልፋለች» አለች። ደስ ሲለኝ፣ «ግን እማማ፣ እርስዎ ውጭ ቢጠብቁ…» ብላ ጨመረች። ከቄሱ ጋር ተማክራ ይሆን? አይመስለኝም። ሁለቱም በየፊናቸው ነው የደረሱበት፤ ይህ ደግሞ ይብሳል።

ስለዚህ በመስኮቱ ማዶ ቆሜያለሁ። ሚስ ቢጫ ወረቀት ይዛ፣ ቀለሙን ልታስጠራት መሰለኝ፣ ልጂቱ ፊት ተንበርክካለች። የትንቢት ከንፈር የሚንቀሳቀስ ይመስለኛል፤ ምናልባት ማስቲካ ይሆናል፤ በመስታወት ምን ይሰማል! ዘበኛው መጥቶ «እማማ፣ ወንበር ላምጣልዎት?» ይለኛል። ወንበር ምን ያደርግልኛል? መስኮቱን ይክፈትልኝ እንጂ።