ከልክ በላይ የሞቀው ሽማግሌ

የደሙ ጠብታ ከሽማግሌው ታን አፍንጫ ወርዶ ሩዙ ላይ አረፈ። ሚስቱ ጉይሺያ ብድግ ብላ ጥጥ ወተፈችለት።

"ይኼ የኔ ሾርባ ብቻ አይደለም። ሌላ ምን ጠጥተህ ነው?"

"ሩፒንግ ጋ... ትንሽ ጂንሰንግ።"

"በሁለት ቢላዋ ስትበላ ከረምክ በለኛ።"

ነገሩ እውነት ነው። ጉይሺያ በረዶው ከጣለ ወዲህ በየጠዋቱ የበግ ሾርባ በዝንጅብል ታጠጣዋለች፤ የሽማግሌ ገላ በብርድ ወራት ከውስጥ መሞቅ አለበት ባይ ናት። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ታን እግሩን ሊያፍታታ የወጣ መስሎ ታች ፎቅ ወደምትኖረው ልጁ ወደ ሩፒንግ ይወርዳል። እሷም ጂንሰንግ የሚባለውን ገላ የሚያሞቅ ሥር ቀቅላ ትጠብቀዋለች።

እናትና ልጅ ከመኸር ጀምሮ ተኳርፈዋል። ጉይሺያ ልጇን ሳታማክር ባል የምታገናኝ ሴትዮ ወደ ቤት ጠራች፤ ሩፒንግም ሴትዮዋን እንደተቀመጠች ትታት ወጣች። ታንን የሚያስፈራው ብርዱ ሳይሆን የዘመን መለወጫው ማዕድ ያለ ልጁ መዘርጋቱ ነው። የአንዷን ሲኒ መመለስ እሷን ራሷን መግፋት ስለመሰለው ሁለቱንም ጠጣ። ሁለቱንም ይወዳቸዋል፤ ምን ያድርግ።

ጉይሺያ በሩን ከፍታ ወደ ደረጃው ጮኸች። "አንቺ፣ አባትሽ ይደማል!"

ሩፒንግ ነጭ ፍጅል ይዛ እየሮጠች ወጣች። ፍጅል የጂንሰንግን ኃይል እንደሚሰብር የማያውቅ ሰው በዚያ ሕንጻ የለም።

"ምን ስታጠጪው ነበር?" አለች ሩፒንግ።

"በግ በዝንጅብል።"

"በጂንሰንግ ላይ? ሰውዬውን ልትጠብሺው ነው?"

"ጠባሿስ አንቺ። በይ ፍጅሉን ስስ አድርገሽ ክተፊ፤ ልጣጩን እንዳትጥይው።"

"አውቃለሁ፣ እማዬ።"

እማዬ የሚለውን ቃል ታን በዚያ ቤት ከሰማ ቆይቷል። ሁለቱ በአንድ ድስት ላይ ጎንበስ ብለው ስለ ውኃው መጠን ይከራከራሉ። ጉይሺያ ጭልፋውን ለልጇ አቀበለቻት።

"እስቲ ቅመሽው።"

"ትንሽ ይብሰል።" ሩፒንግ ዞር ሳትል ጠየቀች። "አባባ፣ ደሙ ቆመልህ?"

ታን ጥጡን ቀስ ብሎ ሳብ አደረገው። አፍንጫው ደርቋል። የሁለቱን ጀርባ አየና ጥጡን መልሶ ወተፈው።

"ገና ነው" አለ።