የእትዬ ዙበይዳ ገብስ

ቅዳሜ ጠዋት ጎጆው ውስጥ ሁለት እንቁላሎች ነበሩ። ጎጆው ጥልቀት በሌለው ውኃ መካከል፣ ከወፍ ማያው የእንጨት ቤት ፊት ለፊት፣ ከተከመረ ደረቅ ቄጠማ የተሠራ ነው። ብሮልጋ የሚባሉት ረጃጅም ግራጫ ወፎች፣ ወንዱና ሴቷ፣ እየተፈራረቁ እንቁላሎቹን ይታቀፋሉ። አንዱ ተነሥቶ ሌላው እስኪቀመጥ እንቁላሎቹ ለጥቂት ጊዜ ብቻ ይገለጣሉ። በረግረጉ ውስጥ በዚያ ዓመት የተሠራ ሌላ የብሮልጋ ጎጆ አልነበረም። በአካባቢው ቁራ አይታይም።

ያህያ ይህን ሁሉ በቴሌስኮፑ አይቶ ለሚስቱ ለሩዋይዳና ለአማቱ ለእትዬ ዙበይዳ አስረዳ። ሥራው የውኃ ጥራት ምርመራ ነው፤ ያየውን ሳይጨምር ሳይቀንስ መናገር ይወዳል። አማቱ ከደሴ ሊጠይቋቸው ሲመጡ፣ ሰው የሚጋፋበትን የእንስሳት ፓርክ ትቶ ብዙ ሰው የማያውቃቸውን ጥብቅ ቦታዎች ላሳያቸው ብሎ እረፍት የወሰደው እሱ ነው። በመንገዳቸው በአንድ ደረቅ ጫካ ከካንጋሮ የምታንስ ዋላቢ አሳይቷቸው፣ እትዬ ዙበይዳ "ይቺማ ጥንቸል ሆና ሐሳቧን የቀየረች ናት" ብለው አስቀውት ነበር። ከባላራት ከተማ ወዲያ ባለው በዚህ ረግረግ ደግሞ የበሩን ቁልፍ የሰጠችው ጠባቂዋ ኬሪ ናት። ያህያ ለዓመታት በበጎ ፈቃድ አብሯት ወፍ ቆጥሯል። አንተ ካለህ እኔ አላስፈልግም ብላው ሄደች።

እትዬ ዙበይዳ ዌስት ፉትስክሬይ በሚገኘው የልጃቸው ቤት ካረፉበት ቀን ጀምሮ ያልተከለከሉት ነገር አልነበረም። ከሰል በረንዳ ላይ አይለኮስም። ዘይት ሲግል የጭስ ጠቋሚው ይጮኻል። የማያውቁት ሕፃን ጉንጩ አይሳምም። እሳቸው እዚህ አገር መተንፈስስ በፈቃድ ነው ወይ እያሉ ይስቁ ነበር፤ ሩዋይዳ ግን አትስቅም። ለጉዞው ሲነሡ ባሏን ኩሽና ውስጥ አቁማ፣ ከእንግዲህ እናቴን አንዲት "አይቻልም" እንዳትላት ብላ አስጠንቅቃዋለች። ያህያም እሺ ብሏል።

ወፎቹን ጠግበው ካዩ በኋላ ሊወጡ ሲሉ እትዬ ዙበይዳ ከቦርሳቸው የላስቲክ ከረጢት አወጡ። ደሴ እያሉ በየጠዋቱ ግቢያቸው ውስጥ በሟች ባላቸው ስም ለወፍ ገብስ ይበትናሉ፤ ሰደቃቸው ነው። ይህንንም ገብስ ፉትስክሬይ ካለው የሐበሻ ሱቅ ገዝተው ይዘዋል። ቢስሚላህ ብለው ከእንጨት ቤቱ ደጃፍ እስከ ውኃው ዳር በጠጠሩ መንገድ ላይ በተኑት።

ያህያ አየ። የተበተነ እህል ቁራ እንደሚጠራ፣ ቁራ ደግሞ ጎጆ እንደሚዘርፍ ያውቃል። አፉን ሲከፍት ሩዋይዳ ከእናቷ ትከሻ በላይ አተኩራ አየችው። አፉን ዘጋ። እፍኝ ያህል ገብስ ነው አለ በልቡ፤ ከሰዓት ብቻዬን ተመልሼ እጠርገዋለሁ። ከሰዓት ግን ባረፉበት ቤት ሳሉ ከባድ ዝናብ ጣለ። ነገ በማለዳ፣ እሳቸው ሳይነሡ አለ። በማግስቱ ሊወጣ ሲል እትዬ ዙበይዳና ሩዋይዳ ለብሰው በሩ ላይ ቆመው ይጠብቁት ነበር።

ሲደርሱ የጠጠሩ መንገድ በቁራ ጠቁሯል።

"መጡልኝ" አሉ እትዬ ዙበይዳ፣ ፊታቸው በርቶ።

ያህያ ወደ ቴሌስኮፑ ሮጠ። ሁለት ቁራዎች ጎጆው ጠርዝ ላይ ቆመዋል። የታቀፈችው ብሮልጋ ተነሥታ አንደኛውን በክንፏ ስታባርር፣ ሌላው በጀርባዋ በኩል ገብቶ አንዱን እንቁላል በመንቁሩ ወጋ። አንገቱን ቀና ሲያደርግ መንቁሩ እርጥብ ነበር። ያህያ ሊጮህ ፈለገ፤ ግን ጩኸቱ ብሮልጋዋን ራሷን እንደሚያስበረግጋት ስለሚያውቅ ቆሞ አየ። ወንዱ እየበረረ ደርሶ ቁራዎቹን ሲበትን ከአንዱ እንቁላል ቅርፊቱ ብቻ ቀርቶ ነበር።

ኬሪ የቁራውን ጩኸት ሰምታ መጣች። ጎንበስ ብላ ከጠጠሩ መካከል አንዲት ገብስ አነሣችና መዳፏ ላይ አድርጋ አሳየችው። በበሩ የገባ ሌላ ሰው አይተሃል ወይ ብላ ጠየቀችው። ያህያ ቁልፉ እሱ ኪስ ውስጥ እንደነበር፣ ከእነሱ በቀር ማንም እንዳልገባ፣ ገብሱ ሲበተን እያየ ዝም ማለቱን ነገራት። እሷ አልተቆጣችም። እህል አትበትኑ የሚለውን ሰሌዳ በሩ ላይ አብረን አይደል የተከልነው አለችው ብቻ።

እትዬ ዙበይዳ ምን እንደተባለ ጠየቁ። ሩዋይዳ ምንም አይደል ልትል ጀምራ ነበር፤ እሳቸው ግን የኬሪን መዳፍ አይተዋል።

"የኔ ገብስ ነው?"

ያህያ በዚህ ጊዜ ሁሉንም ነገራቸው። እስኪጨርስ አላቋረጡትም።

"ስበትነው አይተኸኝ ነበር?"

"አይቻለሁ፣ እትዬ።"

"ይህ እንደሚመጣም ታውቅ ነበር?"

"አውቅ ነበር። እንዳያፍሩ ብዬ ነው።"

"ዝም የሚባለው እንግዳ ሲያጠፋ ነው" አሉ እትዬ ዙበይዳ። "እኔ ልጆቼ ቤት የመጣሁ መስሎኝ።" ወደ ውኃው ዞሩ። "በሟች ስም ባወጣሁት ሰደቃ የወፍ ልጅ አስበላህ።"

ከዚያ ሻርፓቸውን ሰብስበው ጠጠሩ ላይ ተንበረከኩና ቁራ የተወውን ገብስ መልቀም ጀመሩ። ኬሪ ልታስቆማቸው እጇን ዘረጋች፣ ከዚያ አጠገባቸው ተንበርክካ አብራ ለቀመች። ሩዋይዳ ከልክዬው ነው፣ እኔ ነኝ ብላ እያለቀሰች ተከተለች። ያህያ ከሁሉም ራቅ ብሎ፣ ውኃው ዳር ያለውን ለቀመ። ቀና ብሎ ማንንም ማየት አልቻለም።

ሲመለሱ እትዬ ዙበይዳ መኪናው ውስጥ እንደ ወትሮው ከፊት አልተቀመጡም። ከኋላ ገብተው እስከ ቤት ድረስ በመስኮቱ ውጭውን አዩ። ከሁለት ቀን በኋላ ግን ኩሽና ሆነው ጠሩት። ዕጣኑን መስኮት ከፍተው ቢያጤሱ ያ የሚጮኸው ዕቃ ይጮህ እንደሆነ ጠየቁት። ያህያ ይጮሃል አላቸው። ከዚያ ወዲህ የሚጠይቁት እሱን ነው፤ እሱም ሳያለሳልስ ይመልሳል።

ኅዳር ላይ ኬሪ መልእክት ላከችለት። ከሥራ ሲመለስ ጫማውን ሳያወልቅ አማቱ ፊት ቆሞ ቃል በቃል ተረጎመላቸው። የተረፈው እንቁላል ተፈልፍሏል፤ ጫጩቱ ከወላጆቹ ኋላ በቄጠማው መካከል ሲሄድ ታይቷል። እትዬ ዙበይዳ በድጋሚ እንዲያነብላቸው ጠየቁት፤ አነበበላቸው። በዚያ ረግረግ በዚያ ዓመት የተቆጠረው የብሮልጋ ጫጩት አንድ ነው።